የታይታኒየም ብሎን ለሳይክል፦ የት ይታሰራል? የት አይነካም?

ከደብረ ብርሃን ጣርማበር ድረስ ያለው አስፋልት ለሳይክል ነጂ ደግ ነው። ነፋሱ ያስቸግራል እንጂ ዳገቱ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲያዘቀዝቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከፍታ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጠመዝማዛ ነው። ጉሙ ድንገት ይመጣል። ከባድ መኪናም አይጠፋበትም። እዚያ ቁልቁለት ላይ መሪውን፣ ፍሬኑን፣ ኮርቻውን የሚይዙት ከእርሳስ የቀጠኑ ጥቂት ብሎኖች ናቸው።

ታይታኒየም ከሚባለው ቀላል ብረታ ብረት ስለሚሠራው ብሎን የሚጠይቁ ወጣቶች በዝተዋል። ነገሩ ይገባኛል። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በቦርሳው ጥግ ይዞት ሊገባ ይችላል። ቀለሙ ያምራል። ትልልቅ ተወዳዳሪዎች ሳይክል ላይ ይታያል። ወሬው ግን የተምታታ ነው። አንዱ “ከብረት ይጠነክራል” ይላል። ሌላው “ይሰበራል፣ እንዳትነካው” ይላል። ሁለቱም እውነት የሚሆኑበት ቦታ አለ። የትኛው የት እንደሚሠራ ለማወቅ ከብሎኑ ሥራ መጀመር ይሻላል።

ብሎን የሚይዘው በምንድን ነው?

ብዙ ሰው ብሎን የሚይዘው ጉድጓድ ውስጥ ስለገባ ይመስለዋል። አይደለም። ብሎን የሚይዘው ስለተወጠረ ነው።

አህያ ላይ ገብስ ሲጫን አስቡት። ጭነቱ የማይዞረው ገመዱ ወፍራም ስለሆነ አይደለም፤ ጥብቅ ተደርጎ ስለተወጠረ ነው። ያው ገመድ ከላላ ጭነቱ ወንዙን ሳይሻገር ይዘነበላል። ብሎንም እንደዚያው ነው። መፍቻውን ስናዞር ብሎኑ በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል። ተመልሶ ለመሰብሰብ ሲታገል ሁለቱን አካላት አንድ ላይ ይጨምቃቸዋል። የሚይዘው ያ ጭመቃ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙዎችን ይገርማል። በጉዞ ላይ የሚሰበር ብሎን ብዙውን ጊዜ በአንድ ከባድ ምት የሚሰበር አይደለም። በደንብ ያልተወጠረ ሆኖ መንገዱ በነቀነቀው ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተሳበና እየተለቀቀ የሚደክም ነው። በትክክል የተወጠረ ብሎን ግን ንቅናቄው ብዙም አይደርሰውም፤ ጭመቃው ይሸከምለታል። ስለዚህ “የትኛው ብሎን ይሻላል?” ከማለት በፊት “በልኩ ታስሯል ወይ?” ማለት ይቀድማል።

ታይታኒየም ከአረብ ብረት ይጠነክራል?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ነውና።

ከሳይክላችሁ ላይ አንድ ጥቁር ብሎን ፈልጉና ጭንቅላቱን በጨርቅ ጥረጉት። ብዙ ጊዜ 8.8፣ 10.9 ወይም 12.9 የሚል ቁጥር ተቀርጾበት ታገኛላችሁ። ይህ የጥንካሬው ደረጃ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር በ10 ብታባዙት ብሎኑ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ስፋቱ ሳይበጠስ የሚሸከመውን ኪሎ በግምት ይሰጣችኋል። 8.8 ወደ 80 ኪሎ፣ 10.9 ወደ 100 ኪሎ፣ 12.9 ደግሞ ወደ 120 ኪሎ ማለት ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ብሎኑ የማይመለስ መለጠጥ የሚጀምረው የመበጠሻው ስንት በመቶ ላይ ሲደርስ እንደሆነ ይናገራል። ባለ .9 ከሆነ 90 በመቶ ላይ ነው። A2-70 የሚል ካያችሁ የማይዝግ ብረት፣ ማለትም ስቴንለስ ነው፤ ጥንካሬው ወደ 70 ኪሎ ነው።

ታይታኒየምስ? የትኛው ታይታኒየም ነው የሚለው ይወስነዋል። ለጥሩ ብሎን የሚውለው ግሬድ 5 የሚባለው ነው። 6 በመቶ አሉሚኒየም፣ 4 በመቶ ቫናዲየም አለበት፤ የቀረው ታይታኒየም ነው። ጥንካሬው ወደ 90 ኪሎ ይጠጋል። ግሬድ 2 የሚባለው ደግሞ ምንም ያልተቀላቀለበት፣ ለስላሳው ታይታኒየም ነው። እሱ 35 ኪሎ ገደማ ላይ ነው የሚቆመው።

አሁን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጓቸው። ግሬድ 5 ታይታኒየም ከስቴንለስም ከ8.8 ብረትም ይበልጣል። ከ10.9 ትንሽ ያንሳል። ከ12.9 ግን በግልጽ ያንሳል። ግሬድ 2 ከሁሉም በታች ነው። “ከብረት ይጠነክራል” የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ እዚህ ጋር ይታያል። ለክብደቱ ሲታሰብ አዎ፣ ታይታኒየም እጅግ ጠንካራ ነው። አንድ ዓይነት ውፍረት ባለው ብሎን ሲለካ ግን ጥሩ አረብ ብረት ይበልጠዋል። የመሪው አንገት ላይ ፋብሪካ ያሰረው ብሎን 12.9 ከሆነ በታይታኒየም መለወጥ ማለት ጥንካሬን ቀንሶ ግራም መግዛት ነው።

ሌላም ጠባይ አለው። በአንድ ዓይነት ውጥረት ታይታኒየም ከብረት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይለጠጣል። በእጅ ስታስሩት ብሎኑ ገና ያልጠበቀ ይመስላል። “ትንሽ ልጨምርበት” ያሰኛል። ያ ትንሽ ጭማሪ ነው ብዙ ጊዜ የሚበጥሰው።

ስንት ግራም ይቀንሳል?

መጠኑ እኩል ሲሆን የታይታኒየም ክብደት ከአረብ ብረት 56 በመቶ ገደማ ነው። በሳይክል ላይ የሚበዛው 5 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 16 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ብሎን በብረት 4 ግራም አካባቢ ይመዝናል። በታይታኒየም 2.3 ግራም ይሆናል። ከአንድ ብሎን የሚገኘው ትርፍ 2 ግራም እንኳ አይሞላም።

የዲስኩን፣ የመሪውን፣ የፍሬኑን፣ የኮዳ መያዣውን፣ ሁሉንም ብትቀይሩ እንደ ሳይክሉ ዓይነት 50 ግራም አካባቢ ይቀንስ ይሆናል። ይህ በዳገት ላይ ምን ማለት ነው? ነጂውና ሳይክሉ አንድ ላይ 75 ኪሎ ናቸው እንበል። ከሸዋ ሮቢት ጣርማበር ለመውጣት 3 ሰዓት ቢፈጅ፣ 50 ግራም በመቀነስ የሚተርፈው ጊዜ 7 ሰከንድ ያህል ነው። ኮዳ ውስጥ ያለው ግማሽ ሊትር ውሃ የዚህን 10 እጥፍ ይመዝናል። ለዓለም አቀፍ ውድድር ደግሞ የሳይክል ዝቅተኛ ክብደት 6.8 ኪሎ እንዲሆን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ተደንግጓል፤ እዚያ ደረጃ ላይ የደረሰ ሳይክል ተጨማሪ ግራም መቀነስ አይፈቀድለትም።

በገንዘቡ ምን ይሻላል ብትሉኝ፣ መጀመሪያ ጥሩ ጎማ፣ ከዚያ የፍሬን ሸራ። በተለይ ወደ ደብረ ሲና ለሚወርድ ሰው።

ታዲያ ሰዎች ለምን ይወዱታል?

አይዝግም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በክረምት ዝናብ ውሎ ያደረ ሳይክል ላይ የብረት ብሎን ጭንቅላቱ ቀይ ዝገት ያወጣል፤ መፍቻ ማስገቢያው ይበላል፤ ከዚያ የሚፈታው ይጠፋል። ወደ ቆላው ወርዶ የሚነዳ ሰው ላቡ መሪው ላይ ይንጠባጠባል፤ የላብ ጨው ደግሞ ከዝናብ ውሃ የባሰ ነው። ታይታኒየም አየር ሲነካው ፊቱ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ ቢጫር ራሱን መልሶ ይተካል።

ሰማያዊው፣ ሐምራዊው፣ ወርቃማው ቀለምም ብዙ ጊዜ ቀለም ተቀብቶ አይደለም። ያንኑ ሽፋን በኤሌክትሪክ ያወፍሩታል። ብርሃን በሽፋኑ ውስጥ ሲመላለስ እንደ ውፍረቱ የተለያየ ቀለም ይሰጣል። ቮልቱ ሲጨምር ቀለሙ ይለወጣል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ጥንካሬው ላይ ግን የሚጨምረው ነገር የለም።

ለምን ተወደደ?

ማዕድኑ ስለጠፋ አይደለም። ታይታኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከሚገኙት ንጥረ ነገሮች በብዛት 9ኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 እንግሊዝ አገር ውስጥ ዊሊያም ግሬጎር የሚባል ሰው ነው ያገኘው። አስቸጋሪው ማውጣቱ ነው። አንጥረኛ ወናፉን ነፍቶ በከሰል እንደሚያወጣው ብረት አይደለም። ታይታኒየም ሲግል ከአየሩ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይስብና ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ማዕድኑን በክሎሪን ለውጠው፣ አየር በማይገባበት ዕቃ ውስጥ በማግኒዚየም ያጣሩታል። ዘዴውን ያወጣው ዊልሄልም ክሮል የሚባል የብረታ ብረት ባለሙያ ነው፤ ኢንዱስትሪው የያዘው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን መቁረጡና የብሎኑን ጠመዝማዛ ጥርስ ማውጣቱ መሣሪያ ይጨርሳል።

የትኛው ብሎን ይቀየር? የትኛውስ ይተው?

መለያው አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ብሎን አሁን ቢበጠስ እወድቃለሁ ወይ?

የውሃ ኮዳ መያዣው ብሎን ቢበጠስ ኮዳው ይንቀጫቀጫል። በቃ። እዚያ ታይታኒየም መጠቀም አያስፈራም፤ ላብና ውሃ የሚወርድበት ቦታ ስለሆነ እንዲያውም ይስማማዋል። የመሪው አንገት አናት ላይ ያለው የክዳን ብሎንም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው መሪውን የሚይዘው እሱ ይመስለዋል። የእሱ ሥራ ግን ስታስተካክሉ የመሪውን ኩሽኔታ ማጥበቅ ብቻ ነው። የጎን ብሎኖቹ ከታሰሩ በኋላ ሸክም የለበትም።

መሪውን ከፊት የሚይዙት አራቱ ብሎኖች፣ አንገቱን በጎን የሚያስሩት ሁለቱ፣ የኮርቻው ብሎን፣ የፔዳሉን ክንድ የሚያጠብቁት፣ ፍሬኑን ከሳይክሉ ጋር የሚያስሩት፦ እነዚህ ሌላ ናቸው። ከነዚህ አንዱ በጣርማበር ቁልቁለት ቢበጠስ ለማሰብ ጊዜ የለም። ፋብሪካው ታይታኒየም አስሮ ከላከው ችግር የለም፤ ክፍሉን ሲነድፍ አስቦበታል። ፋብሪካው አረብ ብረት ካሰረበት ግን ብረት ሆኖ ይቆይ። የእኔ ምክር ይኸው ነው፤ ለ10 ግራም ብላችሁ አትነካኩት።

የፍሬን ዲስክን የሚያስሩት ትንንሾቹ ብሎኖች መሃል ቤት ናቸው። ለዚሁ ተብለው በታወቁ አምራቾች የተሠሩ የታይታኒየም ብሎኖች አሉ፤ ይሠራሉ። ነገር ግን ጭንቅላታቸው ስስ ስለሆነ መፍቻ ማስገቢያው ቶሎ ይበላል። ግሪስም አይቀባባቸውም፤ ግሪስ ዲስኩ ላይ ከደረሰ ፍሬኑ አይዝም። እነሱን የሚይዛቸው ሰማያዊው የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ነው።

እዚህ አገር በብዛት የሚነዳው ተራ ሳይክል ላይስ? ምንም አያስፈልግም። የዛገውን አውጥቶ ደረጃው የተጻፈበት አዲስ የብረት ብሎን ማሰር ትልቅ ለውጥ ነው።

ሐሰተኛውን እንዴት እለያለሁ?

ማግኔት አንድ ነገር ይነግራችኋል። ማግኔቱ ላይ ከተለጠፈ ታይታኒየም አይደለም። ካልተለጠፈ ግን ገና አልተረጋገጠም፤ ስቴንለስም አሉሚኒየምም ብዙ ጊዜ አይለጠፉም።

የተሻለው ሚዛን ነው። ወርቅ ቤት ያለው ሚዛን ለዚህ ይበቃል። ቅርጹና ርዝመቱ ፍጹም አንድ የሆነ 10 የብረትና 10 የተጠረጠረ ብሎን አስመዝኑ። ታይታኒየም ከሆነ ከብረቱ ግማሽ ትንሽ በለጥ ይላል። ሲሶ አካባቢ ከመጣ አሉሚኒየም ነው፤ ያንን ሸክም ያለበት ቦታ ላይ ፈጽሞ እንዳታስሩት። እኩል ከሆነ ብረት ሸጠውላችኋል።

ሚዛንም የማይለየው ነገር አለ። ግሬድ 2 እና ግሬድ 5 ክብደታቸው አንድ ነው ለማለት ይቻላል፤ ጥንካሬያቸው ግን ከእጥፍ በላይ ይራራቃል። ጥርሱ ተጨፍልቆ የወጣ ይሁን ተቆርጦ የወጣም በዓይን አይለይም፤ ድካም የሚችለው ደግሞ ተጨፍልቆ የወጣው ነው። ይህን የሚነግራችሁ አምራቹ ብቻ ነው። አምራቹ የማይታወቅ ብሎን ከኮዳ መያዣ አይለፍ።

እንዴት ይታሰራል?

ታይታኒየም ደረቁን ሲታሰር ጥርሱ ከሌላው ብረት ጋር ይነካከስና ይጣበቃል። ከተጣበቀ ሲፈታ ወይ ብሎኑ ይበጠሳል፣ ወይ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ተልጦ ይወጣል። በዚያ ላይ ታይታኒየምና አሉሚኒየም ተገናኝተው መሃላቸው ጨዋማ ውሃ ሲገባ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ብሎኑ አዲስ እንደመሰለ ሳይክሉ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። መድኃኒቱ ለብሎን ጥርስ የሚሠራ ፀረ-መጣበቂያ ቅባት ነው። ካልተገኘ ጥሩ ግሪስ።

ቅባት ግን ልኩን ይለውጠዋል። መፍቻውን በምታዞሩበት ጉልበት ውስጥ 90 በመቶ ገደማው በሰበቃ ይጠፋል፤ ብሎኑን የሚወጥረው 10 በመቶው ነው። ሰበቃው በቅባት ሲቀንስ በዚያው ጉልበት የሚፈጠረው ውጥረት በሲሶ ያህል ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የሳይክሉ መመሪያ የሰጠው የማጥበቂያ ቁጥር ቅባት ለሌለው ብሎን ከሆነ ዝቅ ማድረግ ይገባል።

የመሪ ብሎኖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው 5 ኒውተን ሜትር ነው። ያ ማለት ከብሎኑ መሃል 10 ሴንቲሜትር ርቃችሁ መፍቻውን በ5 ኪሎ ክብደት መሳብ ነው። የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካው መፍቻ፣ ማለትም ቶርክ ሬንች፣ ከሌለ መንጠቆ ያለው የገበያ ሚዛን ይሠራል። መፍቻው ላይ 10 ሴንቲሜትሩን ለኩ፤ ምልክት አድርጉ፤ ሚዛኑን እዚያ አንጠልጥላችሁ ወደ ጎን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። 5 ኪሎ ሲያነብ አቁሙ። አራቱን የመሪ ብሎኖች በአንድ ዙር አትጨርሷቸው። ትንሽ ትንሽ እያላችሁ በሰያፍ እየተቀያየራችሁ አጥብቁ፤ ከላይና ከታች ያለው ክፍተት እኩል ይሁን።

የአዲሱ ብሎን ርዝመት ከአሮጌው አይጠር። አሉሚኒየም ውስጥ ለሚገባ ባለ 5 ሚሊሜትር ብሎን ቢያንስ 8 ሚሊሜትር ያህል ጥርስ መያዝ አለበት። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም ጥብቀቱን እንደገና ለኩት፤ አዲስ የታሰረ ነገር ትንሽ ይረጋል።

ውስጥ ተበጥሶ ከቀረስ?

አትቀጥቅጡት። ታይታኒየም ሙቀት ቶሎ ስለማያስተላልፍ ትራፓኖ ሲነካው ሙቀቱ ሁሉ ፑንታው ጫፍ ላይ ይቀራል፤ ፑንታው ይቃጠላል፣ ይንሸራተትና ዙሪያውን ያለውን አሉሚኒየም ይበሳዋል። ቁራጩ ትንሽ ብቅ ካለ በፒንሳ ይዛችሁ ሞክሩ። ካላለ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። በግራ የሚዞር ፑንታ ካላቸው በዝግታ፣ ዘይት እያንጠባጠቡ ይብሱት። ብዙ ጊዜ ገና ሲነክሰው ቁራጩ ራሱ ዞሮ ይወጣል። ከወጣ በኋላ አዲስ ብሎን ከማሰራችሁ በፊት የጉድጓዱን ጥርስ በባትሪ ብርሃን እዩ። ጥርሱ ተልጦ ከሆነ ጉድጓዱ ያለበት ክፍል፣ ለምሳሌ የመሪው አንገት፣ ራሱ መቀየር አለበት።